በሐሚና አፍ የመጣ መልእክት

ከደብረ ታቦር ወደ ቀጨሞ ሜዳ የሄድኩት ልጄን ለማምጣት ነው። ቀጨሞ ሜዳ ከጋሳይ በላይ፣ ከጉና ተራራ ሥር ያለች፣ ባለቤቴ የተወለደባት አገር ናት። ሩቅ የሚባል ጉዞ አይደለም። መኪና ከተገኘ ጋሳይ ድረስ ቅርብ ነው፤ ከዚያ ወዲያ ዳገት ነው። ጊዜው የደርግ ዘመን፣ ባሌ ወደ ሰሜን በዘመተበት ዓመት፣ ወሩ ታኅሣሥ ነበር። የተማርኩት ትንሽ ነው፤ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሬ፣ ማታ ማታ እየሄድኩ አራተኛ ክፍል ደርሻለሁ። ይህን የምጽፈው ጽሑፍ አሳምራለሁ ብዬ ሳይሆን ንዴቴ አልበርድ ስላለኝ ነው። መንገዱን እንደሄድኩት፣ ሰውንም እንዳገኘሁት በተራ እናገራለሁ።

ዓርብ ንጋት፣ ደብረ ታቦር

ልጄ ማንጠግቦሽ ትባላለች፤ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አባቷ ሲዘምት እኔ በፈትል ሁለት ልጅ ማብላት አቃተኝ። ትንሹን ይዤ እሷን ለአባቷ እህት ለየዝና በአደራ ሰጠኋት። የየዝና ባል ቄስ ናቸው፤ ቄስ አድማሱ። ቤታቸው ገብስም ወተትም የማይጠፋበት ቤት ነው። ለጥምቀት እንድትመለስ ተነጋግረን ነው የተለያየነው። ኅዳር ላይ ቄስ አድማሱ ለጨው ደብረ ታቦር መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ። «ልጅቷስ?» አልኳቸው። «ደህና ናት፤ እንዲያውም ወፍራለች» አሉኝ። መስቀላቸውን ተሳልሜ ሸኘኋቸው።

ያን ዓርብ ጎሕ ሳይቀድ ሐሚናዎች ወደ ሰፈራችን መጡ። ሐሚና የምንላቸው ሌላው አገር ላሊበላ የሚላቸውን ነው። ፀሐይ ሳትወጣ ባልና ሚስት ሆነው በየደጁ እየቆሙ ያዜማሉ። ማዜሙን ከተውን ሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ያምናሉ ይባላል። ሰው ይሰጣቸዋል፣ ምርቃታቸውንም ይቀበላል፤ ቤቱ ግን አያስገባቸውም። ከጎረቤት የባለቤቱን ስም፣ የልጆቹን ስም፣ የዘመተውንና የሞተውን ጠያይቀው ይመጡና በግጥም ያወርዱታል። ስለዚህ ስሙን በሐሚና አፍ የሰማ ሰው አይደነግጥም። ጎረቤት ነግሯቸው ነው ብሎ ጥሬውን ሰጥቶ ተመልሶ ይተኛል።

እኔም ገብስ በሰፌድ ይዤ በሩን ገርበብ ሳደርግ ሴቲቱ እንዲህ አለች፦

«ተነሽ እመቤቴ ክፈቺው በሩን፣
ትቤ ጽዮን ልካኝ መጣሁ ይዤ ነገሩን።
እግሯ አልነሳ ብሏት ጥጉን ይዛለች፣
እናቴን አምጪልኝ ቶሎ በይ ብላለች።»

ገብሱ ከእጄ ተደፋ። ትቤ ጽዮን የማንጠግቦሽ የክርስትና ስሟ ነው። ይህን ስም በደብረ ታቦር የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ክርስትና የተነሳችው እዚያው ቀጨሞ ሜዳ ነው። እኔ ደግሞ ፈሪ ነኝ። የክርስትና ስም መተተኛ እጅ ከገባ ልጅ ያስይዛል ሲባል ሰምቼ ስላደግሁ፣ ለጎረቤት ቀርቶ ለነፍስ አባቴም አውጥቼ አላውቅም።

«ይህን ስም ማን ነገረሽ?» አልኳት።

«የስሙ ባለቤት ራሷ።»

«የት አገኘሻት?»

«ከጉና ሥር፣ ከቄሱ ቤት። መልኳን አላየሁትም፤ በግድግዳው ቀዳዳ ነው ያወራችኝ። እመቤቴ፣ እግሯን ነው። ሽታ አለው። አትዘግዪ።»

ሌላም ልጠይቃት አፌን ስከፍት ባሏ «ጀንበሯ ልትወጣ ነው» አላት። የተደፋውን ገብስ አብረን አፈስነው፤ ተቀበለችኝ፤ መረቀችኝና ሄዱ።

ቤተ ክርስቲያንና ቀበሌ

ጠንቃቃ ሰው ስለሆንኩ ዘልዬ አልሄድኩም። መጀመሪያ ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ተቀምጠው አገኘኋቸውና ነገሩን ከነግጥሙ ነገርኳቸው።

«ልጄ» አሉኝ፣ «ቄሱ ደህና ናት ብለውሻል። የቄስ ቃል ትተሽ የሐሚና ቃል ትይዣለሽ? እግዚአብሔር ሰው አጥቶ ነው በእነሱ የሚልከው?»

«አባ፣ ስሟንስ ከየት አመጡት?»

«ሰይጣንም ስም ያውቃል» አሉኝና መስቀላቸውን አሳለሙኝ።

ከዚያ ወደ ቀበሌ ሄድኩ። ያን ጊዜ ያለ ይለፍ ወረቀት ከከተማ መውጣት አይቻልም። ሊቀመንበሩ በዕድሜ ታናሼ ነው፣ ግን ጠረጴዛ ስላለው ቆሜ ነው የማነጋግረው።

«የጉዞው ምክንያት?» አለኝ።

«ልጄ ታማብኝ ነው፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

«መታመሟን ማን አሳወቀሽ?»

ውሸት መናገር አልችልበትም፤ ሐሚና ናት አልኩት። እጁን ከወረቀቱ ላይ አነሳ። «ሰፊው ሕዝብ ከአጉል እምነት እንዲወጣ ሌት ተቀን እየሠራን፣ አንቺ የተማርሽ ሴት በለማኝ ዘፈን ይለፍ ጻፉልኝ ብለሽ ትመጫለሽ?» አለ። አጠገቡ የተቀመጠው ጸሐፊ ሳቁን በእጁ ሸፈነ። ይለፉን ሳላገኝ ወጣሁ።

ነፍስ አባቴ የሰይጣን ነው አሉ፣ ጓዱ አጉል እምነት ነው አለ። እነዚህ ሁለቱ በምንም ነገር ተስማምተው አያውቁም። በየስብሰባው አንዱ ሌላውን ሲያማ እየሰማን ነው የኖርነው። የተስማሙት የልጄን ድምፅ ባለመስማት ብቻ ነው።

ቤት ስመለስ ትንሹን ልጄን ላስይዛት ወደ ጎረቤቴ ወደ ጥሩነሽ ሄድኩ። ጥሩነሽ በየሳምንቱ ጋሳይ ገበያ እየወጣች ጌሾ ትነግዳለች። የማርያም ማኅበርም አብረን እንጠጣለን።

«አንቺ ልጅ፣ ራስሽን አታስቂ» አለችኝ። «ሐሚና ለአንድ እፍኝ ጥሬ ሲል እናቱን ትቀብራለህ ቢሉት ይቀብራል። ተቀመጪ።»

«ስሟን ጠራቻት እኮ፣ እትዬ።»

«እንግዲያስ ሂጂ። የማይሰማ ጆሮ ከጉልበት እኩል ነው» አለችና ልጄን ተቀበለችኝ። ስትናገረኝ ዐይኗን ከዐይኔ ታሸሽ ነበር። ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ጋሳይ ደርሼ ነው።

ቅዳሜ፣ የጋሳይ መንገድ

ወደ ጋይንት የሚሄድ የእህል መኪና ነበር። ረዳቱ ሁለት ብር ብሎ በአንድ ከሃምሳ ከጆንያው ላይ አወጣኝ። የያዝኩት ዳቦ ቆሎ፣ በጨርቅ የተቋጠረ ስኳርና አንድ ነጠላ ነው። ደብረ ታቦርን ስንለቅ ባሕር ዛፉ እየሳሳ ሄደና ገብስና ስንዴ ተተካ። አጨዳው ተጋምሷል፤ ነዶው በየማሳው ተከምሮ አንዳንዱ ላይ ዝንጀሮ እንዳይወርድ ሰው ተቀምጧል። ሜዳው ያማረ ነበር፤ እኔ ግን ከእግር በቀር ምንም ነገር አይታየኝም ነበር። መንገድ ዳር የሚሄደውን ሁሉ እግሩን አይ ነበር።

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት የት እንደምሄድ ጠየቀችኝ። ልቤ ስለሞላ ነገርኳት። ይህ ስሕተት ነበር፤ ኬላው ጋ ሳንደርስ ጆንያው ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሰምቶታል።

ኬላው መንገዱን ያቋረጠ ገመድና አንዲት የቆርቆሮ ቤት ነው። ጠመንጃ ያነገተ ጥበቃ ከታች ሆኖ እያንዳንዱን ሰው ወረቀት ጠየቀ።

«ይለፍ የለኝም። ልጄ ታማብኝ ነው» አልኩት።

«ደብዳቤ ደርሶሽ ነው?»

እኔ ሳልመልስ ከኋላዬ አንዱ «በሐሚና ነው የተላከላት፣ ጋሼ» አለ። ጆንያው ሁሉ ሳቀ።

ጥበቃውም ፈገግ አለ። «እንዲህ ከሆነ አንድ ግጥም በይልንና እናሳልፍሽ» አለኝ።

ልጄ የላከችውን ግጥም ለእነሱ መሳቂያ አልሰጥም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። «ውረጂ» አለ፤ ወረድኩ። ገመዱ ተፈታ፣ መኪናው ሄደ፣ አንድ ከሃምሳውም ሄደ።

ጥበቃው ወደ ደብረ ታቦር እንድመለስ በእጁ አመለከተኝ። እሺ ብዬ ትንሽ ወደ ኋላ ሄድኩና በገብሱ መካከል በምታልፍ የከብት መንገድ ዞሬ ከኬላው ወዲያ ወጣሁ። በሕይወቴ ከመንግሥት ሰው ተደብቄ ያለፍኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ፈርቼ ነበር፤ እግሬ ግን አልቆመም። ኮንጎ ጫማዬ ተረከዜን ሲልጠኝ አወለቅሁና በእጄ ያዝኩት። ከጉና የሚወርደው ነፋስ ፊት ለፊት ይገፋል። እየሄድኩ የማስበው ይህን ነው። ጊዜው የነቢያት ጾም ነው። አገሩ ሁሉ ከወተትና ከሥጋ ተከልክሎ ነቢያትን ያስባል። ነቢያቱ ታዲያ ምን ሆነው ነው የሞቱት? ንገሩ የተባሉትን ስለነገሩ ተወግረው አይደለም? እኛ ጾማቸውን እየጾምን፣ ንገሪ የተባለችውን ሴት ከደጅ እንመልሳታለን።

ጋሳይ

ጋሳይ የደረስኩት ከብት ሲገባ ነው። ብርድ ስለያዘኝ መጀመሪያ ካገኘሁት ጠላ ቤት ገባሁ። ባለቤቷ አዛለች የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ናት። ሽሮ በሰናፍጭ አቀረበችልኝ፤ ስሙኒ ከፈልኩ። የት እንደምሄድ ስነግራት ማንኪያውን አስቀመጠች።

«የፈታይዋ ሴት አንቺ ነሽ?» አለችኝ።

«የትኛዋ ፈታይ?»

«ያች ሐሚና ባለፈው ገበያ ቀን እዚህ ነበረች። ‹ደብረ ታቦር የሚሄድ ሰው ካለ ለማንጠግቦሽ እናት፣ ለፈታይዋ ንገሩልኝ፤ ልጇ እግሯን ተሰብራ ከቄሱ ቤት ወድቃለች› እያለች ከአንዱ ወደ አንዱ ስትዞር ዋለች። ሰው ቂጣ እየሰጠ ገለል በይ ይላታል። ለእኔም ነገረችኝ። እኔ ወደ ደብረ ታቦር አልሄድም አልኳት።»

«የሚሄድ ሰው አልነበረም?»

«ኧረ ነበር። ያች ጌሾ ነጋዴ እዚህ አንቺ የተቀመጥሽበት ተቀምጣ ነበር። ጥሩነሽ ነው የምትባለው? ‹አውቃታለሁ፣ ጎረቤቴ ናት› አለች። ሐሚናዋ እግሯ ላይ ወድቃ ለመነቻት። ‹በሐሚና አፍ የመጣ ነገር ይዤ ሰው ቤት አልገባም› አለቻት። ከዚያ በኋላ ነው እንግዲህ ባልና ሚስቱ ራሳቸው ወደ ደብረ ታቦር የተነሱት። መንገዳቸው እኮ ወደ እስቴ፣ በሌላ በኩል ነበር።»

ይህን ስሰማ ሽሮውን ገፋ አደረግሁት። ጥሩነሽ ከገበያ የተመለሰች ዕለት እሳት ልትጭር ቤቴ መጥታ ነበር። ስለ ጌሾ ዋጋ አውርታኝ ፍሟን ይዛ ወጣች። ልጄን ስታቅፍና ስትሸኘኝም ይህን አላነሳችውም። እናንተ የምታነቡ ፍረዱ። መልእክቱን ጠልታ አይደለም፤ ልጄንም ጠልታ አይደለም። ያመጣውን አፍ ስለናቀች ብቻ ነው።

አዛለች ከቤቷ አሳደረችኝ። የአዳር ገንዘብ ብሰጣት እምቢ አለች። «ዝም ማለቴ ሲቆጨኝ ነው የከረመው» አለች። ከሁሉም በአንድ ነገር የተሻለች እሷ ናት፤ ቆጭቷታል።

እሑድ፣ ቀጨሞ ሜዳ

በማለዳ ዳገቱን ያዝኩ። አመዳዩ ሣሩን አንጥፎት ስረግጠው እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። ወደ ላይ በወጣሁ ቁጥር ጅብራ የሚሉት ረጅም የደጋ ተክል እየበዛ መጣ፤ ከሩቅ ሲያዩት የቆመ ሰው ይመስላል። ከላይኛው ምንጭ አጠገብ ድንጋዩ ሁሉ በረዶ ለብሷል። ያን ድንጋይ አይቼ አለፍኩት፤ ልጄ የወደቀችበት መሆኑን አላወቅሁም።

የዝና፣ በራፏ ላይ ገብስ ታሰጣ ነበር። ስታየኝ ወንፊቱ ከእጇ ወደቀ። ሰላምታም አልሰጠችኝ። እጇን ወደ ጓሮ፣ ወደ ጥጃ ቤቱ አመለከተች።

ልጄ ከአጎዛ ላይ ተኝታለች። ከፊቷ ይልቅ ሽታው ነው የቀደመኝ። ግራ እግሯ ከጉልበቷ በታች በቀርከሃ ስንጥርና በጨርቅ ታስሮ አብጧል፤ ጨርቁ ጠቁሯል። ትኩሳቷ እጄን አቃጠለኝ።

«እምዬ» አለችኝ፣ «ሴትዮዋ ደረሰች ማለት ነው።»

ልጄ ነገሩን እየቆራረጠች ነገረችኝ። ውሃ ቀድታ ስትመለስ አመዳይ የያዘው ድንጋይ አንሸራተታትና እንስራው ከነውሃው እግሯ ላይ አረፈ። ወጌሻ መጥቶ አሰራት። ከዚያ ቁስሉ አመረቀዘ። ለእናቴ ንገሩልኝ ስትል እሺ ይሏታል፣ የሚሄድ ግን የለም። አንድ ንጋት ሐሚናዎች መጥተው የዝና ጥሬ ሰጥታ ተመለሰች። ሴትዮዋ ግን የሚያቃስት ሰምታ በጓሮ ዞራ መጣች።

«ለእናቴ ንገሪልኝ አልኳት» አለችኝ። «‹ሐሚና ነኝ፤ ማን ያምነኛል?› አለችኝ። ‹እናቴ ጠርጣራ ናት፤ ግን የክርስትና ስሜን ከነገርሻት ታምንሻለች› ብዬ ነገርኳት። ለማንም አትንገሪ ብለሽኝ ነበር፤ ይቅር በይኝ፣ እምዬ።»

ወደ የዝና ዞርኩ። «እታለም፣ ልጄን በእጅሽ ነው የሰጠሁሽ» አልኳት።

«እሳቸው ናቸው» አለች ገብሱን እያየች። «‹ሳትድን ለእናቷ አይነገርም፤ አደራ በሉ ተብሎ ስማችን ይጠፋል› አሉኝ።»

እንግዲህ ኅዳር ላይ ደጄ ቆመው ወፍራለች ሲሉኝ፣ ልጄ እዚህ ጥጃ ቤት ተኝታ ነበር። ስማቸው እንዳይጠፋ እግሯ ይጥፋ ብለዋል ማለት ነው።

የዝናን «ቃሬዛ የሚሸከም ወንድ ጥሪልኝ» ብላት ወንዶቹ ሁሉ ሰንበቴ ቤት ናቸው አለችኝ። ልጄን ውሃ አጠጥቻት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ።

ሰንበቴ

ከቅዳሴ በኋላ አጥቢያው ከደጀ ሰላሙ ተቀምጦ ሰንበቴ እየጠጣ ነበር። ባለ ተራው በላይ የሚባል ገበሬ ነው፤ ትልልቅ ድፎ ዳቦ አስጋግሮ፣ ጠላውን አስጠምቆ አቅርቧል። ቄስ አድማሱ ዳቦውን ባርከው እየቆረሱ ነው። ከደጃፉ ቆሜ ልጄ ልትሞትብኝ ነውና እስከ መኪናው መንገድ በቃሬዛ አድርሱልኝ አልኩ።

ቄስ አድማሱ ቀና አሉ። «ነገ ጠበል ልናስጀምራት ነው። ማን ነገረሽ?»

«በሐሚና ልካልኝ ነው።»

ጉምጉምታ ሆነ። በላይ ጠላ እየቀዳ «ይቺ የእነ መኰንን ምራት አይደለችም፣ ፈታይዋ?» አለ አማቴን ጠርቶ። «ከተማ ገብታ ነቢይት ሆነች እንዴ? በሐሚና ነው አሉ የሚገለጥላት።» ሳቁ። እዚህ ተድሬ ገብቼ ውሃ ቀድቼላቸው፣ ደግሳቸውን ደግሼላቸው ነው የሚስቁት።

«በሐሚና ቃል ልጅ ከቤቴ አትወጣም» አሉ ቄስ አድማሱ። «ጠበሉን ነው የምታቃልዪው?»

«ጠበሉን አላቃለልኩም፣ አባ። ጠበሉ እስከ ዛሬ የት ነበር? እኔ ያቃለልኩት ደህና ናት ያሉኝን ቃል ነው።»

አንድ ሽማግሌ ነገሩን ለማብረድ «በይ ልጄ፣ መንገደኛ ነሽ፤ መጀመሪያ ዳቦውን ተቀበይ» አሉና ቁራሹን ዘረጉልኝ።

በእኛ አገር የሰንበቴ ዳቦ እምቢ አይባልም። የጠገበም ቢሆን ተቀብሎ ይስመዋል። መንገደኛ መጥቶ እምቢ ካለ ያ ሰንበቴ አልሰመረም ይባላል፤ ባለ ተራው ዓመቱን ሙሉ ከብቱ በታመመ፣ ገብሱ በተመታ ቁጥር ያን ቁራሽ ያስባል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ሁለት እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።

«አልቀበልም» አልኩ። «ቃሬዛው ሲነሳ እበላለሁ።»

ሽማግሌው እጃቸውን እንደዘረጉ ቀሩ። ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ሌላ መንገድ ስላጣሁ ነው። ሁሉም የሚያየው እኔን ሳይሆን በላይን ነው። በላይ ቁራሹን አየ፣ እኔን አየ፣ ቄሱን አየ። የጠላውን ማሰሮ አስቀመጠ።

«ቃሬዛ አምጡ» አለ። «ዳቦዬን አስቁማ አትሄድብኝም።»

ከእሱ በኋላ ሌሎቹም ተነሱ። ልጄን ያነሳት ርኅራኄ ነው ብል ደስ ባለኝ። ያነሳት የዳቦው ፍርሃት ነው። እግዚአብሔር በዚያም ተጠቀመ፤ እኔ ግን ልዩነቱን አውቀዋለሁ። ልጄ ቃሬዛው ላይ ስትወጣ ቁራሹን ተቀበልኩ፣ ሳምኩት፣ ግማሹን ለእሷ ሰጠኋት። ቄስ አድማሱ ከደጀ ሰላሙ አልወጡም። የዝና ግን ነጠላዋን አደግድጋ እስከ ጋሳይ እግሯን ደግፋ ወረደች።

መመለሻ

በነጋታው ከጋሳይ የሚመለስ መኪና አገኘን። ሾፌሩ ልጄን ከጋቢና አስተኝቶ ሒሳብ አልቀበልም አለ። ኬላው ላይ ያው ጥበቃ ነበር። ወደ ጋቢናው አንገቱን አስገባ፣ ሽታው መለሰው። ይለፍ አልጠየቀኝም፤ ግጥምም አልጠየቀኝም። ገመዱን ራሱ ፈታው።

ሆስፒታል ውስጥ የተቀበለን ወጣት ሐኪም ከሌላ ክፍለ ሀገር የመጣ ነበር። ጨርቁን ፈትቶ አጥቦ ካየ በኋላ «ትንሽ ብትቆዪ ኖሮ እግሯን ነበር የምንቆርጠው፤ ከዚያም ካለፈ እሷንም አናገኛትም ነበር» አለኝ። «አምጪያት ብሎ የነገረሽ ማን ነው?»

«ሐሚና ናት» አልኩት፤ ሳቁንም ጠበቅሁ።

«በጊዜ ነግራሻለች» አለና ወደ ሥራው ዞረ። ሐሚና ምን እንደሆነ ስለማያውቅ ይሆናል ያልሳቀው።

እግሯ ተረፈ። ከሌላው ትንሽ አጥሮ ቀርቷል፣ ታነክሳለች፤ ግን በእግሯ ትሄዳለች።

ቤት ስንገባ ሰፈሩ ሁሉ ሊጠይቅ መጣ። ጥሩነሽ ገንፎ ይዛ መጣች። «እግዚአብሔር ነው ያመለከተሽ» አለች።

«በማን?» አልኳት።

«እንዴት በማን?»

«በማን ነው ያመለከተኝ? ጋሳይ፣ አዛለች ቤት፣ እግርሽ ላይ የወደቀችው ማን ናት?»

ገንፎውን አስቀምጣ ወጣች። እስከ ዛሬ ማኅበር አብረን እንጠጣለን፣ ጽዋውንም እቀበላታለሁ፤ ስለዚያ ቀን ግን አንስታ አታውቅም። የሚያናድደኝም ይኸው ነው። ልጄ ከዳነች በኋላ ሁሉም ሰው ምስጋናውን አንስቶ ወደ ሰማይ ሰቀለው። እግዚአብሔር ይመስገን ማለት ደግ ነው፣ እኔም እላለሁ። ግን እግዚአብሔር በእግሯ የላካትን ሴት ዘሎ ማመስገን፣ ያኔ እሷን ላለመስማት ከሰጡት ምክንያት ጋር አንድ ነው።

ከዚህ ጉዞ የተማርኩት ብዙ አይደለም። መልእክት ሲመጣ ፊት ለፊት ያለውን አፍ ሳይሆን ቃሉን እመረምራለሁ። ጠንቃቃነቴን አልተውኩም፤ አሁንም እጠይቃለሁ። ነገር ግን በሬን ከፍቼ ነው የምጠይቀው።

ሐሚናዎቹን ብዙ ፈለግኋቸው። ንጋት ላይ በታች ሰፈር ዜማ ስሰማ ነጠላዬን ይዤ ሮጥኩ፤ ሌሎች ነበሩ። የእነዚያን ወሬ ስጠይቃቸው ወደ ይፋግ ወርደዋል አሉኝ። ተመልሼ ለልጄ ነገርኳት።

«ስሟ ማን ነበር?» አለችኝ።

«አልጠየቅኳትም።»

«እሷ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስሜን ነው» አለች ልጄ።

በገና ማግሥት ወደ ነፍስ አባቴ ሄድኩ። ሰይጣን ነው ማለታቸውን አላነሳሁባቸውም። ሻማና ዘቢብ ሰጥቻቸው በጸሎት የሚያስቡልኝ ሰው አለች አልኳቸው።

«የክርስትና ስሟ ማነው?» አሉኝ። ያለ ክርስትና ስም በጸሎት ማሰብ የለም።

«አላውቀውም፣ አባ። የአገሯንም፣ የአባቷንም ስም አላውቅ። ያች ሐሚና ናት።»

«ያለ ስም እንዴት አድርጌ ልጥራት?»

«‹የላክሃት› ይበሏት፤ እሱ ያውቃታል» አልኳቸው።

መሬት መሬት አዩ። ሻማውን መልሰው ይሰጡኛል ብዬ እጄን ዘርግቼ ነበር። አልሰጡኝም። ቀና ብለው በእኔ ስም ጀመሩ፣ የዘመተውን ባሌን ጠሩ፣ ትቤ ጽዮንን ጠሩ። ከዚያ «የላክሃትንም» አሉ።